የተሽከርካሪ ጥገና ወጪ ከጋራዥ በፊት ሲቀነስ

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችው እንጅባራ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች፣ ክረምቷ የሚረዝም፣ ማለዳዋ የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ ወደ ዳንግላ፣ ወደ ቻግኒና ወደ ገጠር ቀበሌዎች ከሚንቀሳቀሱት የመንግሥት ተሽከርካሪዎች አንዱ ሲበላሽ የክትባት ቡድኑ ጉዞ ይሰረዛል፤ የግብርና ባለሙያው ማሳ ሳያይ ይሰነብታል፤ ምጥ የያዛት እናት የምትጠብቀው አምቡላንስም ይዘገያል።

የተበላሸውን በአዲስ መተካት ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ተደርጓል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ የዚህ ለውጥ ጫና በመሥሪያ ቤቶች የጥገና በጀት ላይም ሆነ አሮጌ መኪና ባለው የመንግሥት ሠራተኛ ኪስ ላይ በቀጥታ አርፏል።

ወጪ መቀነስ ሲባል ብዙዎች በቅድሚያ የሚያስቡት ርካሽ ዕቃ መፈለግን ነው። ይሁን እንጂ የጥገና ገንዘብ በብዛት የሚባክነው በሁለት ሌሎች ቦታዎች ነው። አንደኛው አሽከርካሪው በራሱ እጅ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያየው ይችል የነበረ ጉድለት ሳይታይ ቀርቶ ትልቁን ክፍል ይዞ ሲበላሽ ነው። ሁለተኛው የሚገዛው ዕቃ በትክክል ሳይታወቅ የግዥ ጥያቄ ሲጻፍ ነው።

ለመጀመሪያው እንደ እንጅባራ ባለ ደጋ ከተማ ከራዲያተር ክዳን የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል። በእንጅባራ ከፍታ ግን የአየር ግፊቱ በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚያንስ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላት ይጀምራል። የአንድ ጤናማ ሞተር የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ ርቀት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በውስጡ ያለው ሱስታና ጎማ ግፊቱን አፍኖ በመያዝ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ወይም ሱስታው ሲላላ በቆላ ያለችግር ይሠራ የነበረ ሞተር ደጋ ላይ ወጥቶ አቀበት ሲይዝ ውሃ ይተፋል። አሽከርካሪው ውሃ እየጨመረ ጉዞውን ይቀጥላል፤ በዚህ መሐል ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ቴስታታ ማውረድና ማስላት የአንድን ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሩብ ዓመት የጥገና በጀት ሊያናጋ የሚችል ሥራ ሲሆን፣ የክዳኑ ዋጋ ግን ከመለዋወጫዎች ሁሉ ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። ክዳኑን መመርመር የሚቻለው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፤ ትኩስ ራዲያተር መክፈት ፊትንና እጅን ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። ተራ ውሃ ውስጡን ስለሚያዝግም በመመሪያው የተጠቀሰውን ኩላንት መጠቀም ይገባል።

ከፍታው በሌላ መንገድም ይሰማል። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ወለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። በበጋ በጠጠር መንገድ የሰነበተ የአየር ፊልትሮ ደግሞ በአቧራ ተደፍኖ የቀረውን አየር ይከለክለዋል። ውጤቱ ጥቁር ጭስና ከወትሮው የበዛ የናፍጣ ፍጆታ ነው። የወረቀት ፊልትሮ በውሃም ሆነ በቤንዚን አይታጠብም። በቀስታ ተመትቶ አቧራው ይራገፋል፤ ካስፈለገም በጎሚስታ ቤት አነስተኛ ግፊት ባለው አየር ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል። ከዚያም በውስጡ አምፖል አብርቶ መመልከት ነው፤ ብርሃን በቀዳዳ የሚያሳይ ከሆነ አቧራው በቀጥታ ወደ ፒስተን ስለሚሄድ መተካት አለበት።

በናፍጣ የሚሠራ መኪና ከዚህ በተጨማሪ በውሃ ይጎዳል። ነዳጅ በሚጠፋበት ጊዜ በበርሜልና በጄሪካን ተቀምጦ የቆየ ናፍጣ ውሃ መያዙ የተለመደ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች የናፍጣ ፊልትሮው ሥር በእጅ የሚላላ ማፍሰሻ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከሥሩ ዕቃ ተደርጎ፣ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ ማፍሰስ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ሥራው ካልተሠራ ውሃው ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን ያዝጋል። እነዚህ ክፍሎች ከተነኩ በኋላ የሚከፈለው ገንዘብ ከፊልትሮው ዋጋ ጋር አይነጻጸርም።

የሞተር ዘይት በየማለዳው፣ መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞና ሞተሩ ሳይነሳ መታየት ይኖርበታል። በመለኪያው ዘንግ ላይ ካሉት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆኑ በቂ ነው፤ ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም ጉዳት አለው። ዘይቱ ወተት የመሰለ ቀለም ካሳየ ውሃ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ መኪናው ከቆመበት መነሳት የለበትም። ዘይት ሲገዛ በጣሳው ላይ ከተጻፉት የደረጃ ምልክቶች ውስጥ "ሲ" በሚለው የላቲን ፊደል ድምፅ የሚጀምሩት ለናፍጣ፣ "ኤስ" በሚለው የሚጀምሩት ለቤንዚን ሞተር ናቸው። ባዶውን ጄሪካን ሳይቀዱ ለሻጭ መስጠት ሌላ ዘይት ተሞልቶበት ተመልሶ እንዲመጣ በር ይከፍታል።

ባትሪን በተመለከተ በእንጅባራ ብርድ "ባትሪው ሞቷል" ተብሎ አዲስ ከመገዛቱ በፊት የገመዱ ማሰሪያዎች ሊታዩ ይገባል። በነጭና በአረንጓዴ ዝገት የተሸፈነ ማሰሪያ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ፣ ደርቆና ጠብቆ ሲታሰር ብዙውን ጊዜ ሞተሪኖው እንደ ቀድሞው ይዞራል። በቅድሚያ የሚፈታው የኔጋቲቩ ገመድ ነው፤ ሲታሰርም የመጨረሻው እርሱ ነው።

ፍሬን ላይ ሲደረስ ግን በራስ እጅ የመሥራት ወሰን መታወቅ አለበት። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን በኋላ ወደ አባይ ድልድይ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ሊቆይ ይገባል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን የሚጠበቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናውም አይቆምም። በዚህም ምክንያት በየሁለት ዓመቱ እንዲለወጥ ይመከራል። አሽከርካሪው የዘይቱን መጠን፣ የሸራውን ውፍረትና የጎማ ቱቦዎቹን ስንጥቅ ሊያይ ይችላል፤ ሊያይም ይገባዋል። ሸራ መለወጥና አየር ማስወጣት ግን የመካኒክ ሥራ ነው። የጎደለውን የፍሬን ዘይት በሞተር ዘይት መሙላት ጎማዎቹን ሁሉ አሳብጦ ስለሚያበላሽ ለአንድ ሊትር የተቆጠበው ገንዘብ ሙሉውን የፍሬን ሥርዓት ያስከፍላል። ከአሮጌ ሸራ ላይ የሚነሳው አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችልም በአፍም ሆነ በአየር ግፊት አይነፋም።

ከመኪና ሥር መግባትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ማንም ሊገባ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስፈልጋል። ለጎማ ቅየራም ቢሆን ትርፍ ጎማውን ከሥሩ ማስተኛትና ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ማገድ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ ማንሳት የሚረሱ አሽከርካሪዎች በየመንገዱ ጥለውት የሚሄዱት እንቅፋት ከኋላ ለሚመጣው የሌሊት ተጓዥ ሌላ አደጋ ነው።

ወደ ሁለተኛው የብክነት በር ሲመጣ ነገሩ ከእጅ ሥራ ወደ ጽሕፈት ሥራ ይሸጋገራል። በመሥሪያ ቤቶች የግዥ ሥርዓት ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው እንዲመረጥ ይደረጋል። የጥያቄው ወረቀት "የቶዮታ ፍሬን ሸራ፣ አንድ ስብስብ" ብቻ የሚል ከሆነ ሦስቱ ነጋዴዎች ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ አሸናፊው ደግሞ ከሁሉም ደካማውን ያቀረበው መሆኑ አይቀርም። ለዚህ የግዥ ሠራተኛውን ወይም ሕጉን መውቀስ ትክክል አይሆንም፤ የተጠየቀው በትክክል ተገዝቷልና። የቋንቋም ችግር ይታከልበታል። በጽሕፈት ቤት "ማጣሪያ"፣ "መፍቻ" እና "ድንጋጤ መከላከያ" የሚባሉት በጋራዥ ፊልትሮ፣ ቺያቤና አሞርዛተር ናቸው። ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮንና ባሌስትራ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡና በሙያው ውስጥ ጸንተው የቀሩ ቃላት በመሆናቸው ጥያቄውን የሚጽፈው ሠራተኛ ቢያውቃቸው ይጠቀማል እንጂ አያፍርባቸውም።

መፍትሔው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ መኪና በሊብሬው ላይ የተመዘገበ የሻንሲ ቁጥር አለው፤ አስመጪው በዚህ ቁጥር ለዚያች መኪና የተሠራውን ዕቃ የፋብሪካ ቁጥር ለይቶ ማውጣት ይችላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚታዩት የቶዮታ ምርቶች የመለዋወጫ ቁጥር ባለ አሥር አሃዝ ሆኖ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት፣ ቀጣዮቹ አምስቱ የትኛው ሞዴል ላይ እንደሚገባ ይናገራሉ፤ በኋለኞቹ መካከል አልፎ አልፎ የላቲን ፊደል ይገባል። 90915 ብሎ የሚጀምር የዘይት ፊልትሮ ነው፤ 04465 የፊት ዲስክ ፍሬን ሸራ፣ 04495 ደግሞ የኋላ ከበሮ ፍሬን ሸራ ነው። ሙሉ ቁጥሩ በጥያቄው ላይ ከሰፈረ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች ስለ አንድ ዕቃ ስለሚናገሩ ዝቅተኛው ዋጋ በእውነትም ቁጠባ ይሆናል። የስምሪት ክፍሉ ለእያንዳንዱ መኪና የሚያስፈልጉትን አሥርና አሥራ አምስት ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ቢይዝ ለዓመታት ያገለግሉታል። በሌላ ፋብሪካ የተሠራ፣ ቁጥሩ ግን የሚመሳከር ዕቃ መግዛትም አማራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል፣ ጥራቱም ከታወቀ አምራች ከሆነ አያሳማም።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት የሚያዋጣበት ቦታ አለ። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሸጡ በሮች፣ መብራቶች፣ ፓራፋንጎና ቸርኬ፣ ስንጥቅና ዝገት የሌለባቸው ከሆኑ፣ በአዲስ ዋጋ መግዛት አስፈላጊ አይደለም። ዲናሞም በሻጩ ፊት ተፈትኖ ሊገዛ ይችላል። የፍሬን ክፍሎች፣ ጎማ፣ የመሪ መገጣጠሚያዎች፣ ኩሽኔታና የሞተር ቺንጋ ግን ያገለገለ አይገዛም። የሞተር ቺንጋ እንደ ሞተሩ ዓይነት 100 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ይለወጣል፤ ሳይለወጥ ቀርቶ ሲበጠስ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ያገለገለ ዕቃ ያለ ደረሰኝ መግዛትም ለግል ባለመኪናም ቢሆን ተገቢ አይደለም፤ ሌሊት ከሰው መኪና ላይ የሚነቀለው ስፖኪዮ ገበያ የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በዋስትና ላይ ያለ አዲስ መኪና ደግሞ በውሉ ከተጠቀሰው ጋራዥ ውጭ ሲከፈት ዋስትናውን ሊያጣ ስለሚችል ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ከጋራዥ ተመልሶ ለንብረት ክፍል መግባቱ ብዙ ጊዜ እንደ ወረቀት ሥራ ብቻ ይታያል። ጥቅሙ ግን ከዚያ ያልፋል። አሮጌውን ሸራ ያየ ኃላፊ በእርግጥ አልቆ እንደ ነበር፣ ወይም ገና ስድስት ወር ሊያገለግል ይችል እንደ ነበር በዓይኑ ይፈርዳል። ዕቃው የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር በመኪናው የጉዞ መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ በቀጣዩ ዓመት አሽከርካሪው ቢቀየር እንኳ መኪናው ታሪኩን አያጣም። አሁን ባለው ልማድ ታሪኩን የሚያውቀው አሽከርካሪው ብቻ ነው፤ ሲዛወር ይዞት ይሄዳል።

ሰኔ 30 ሲቃረብ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን በጥድፊያ የሚገዛ መለዋወጫም አለ። በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ መጋዘን ውስጥ የሚቀመጠው ጎማ፣ ቺንጋና የፍሬን ዘይት ግን እንደ ብሎንና እንደ ዳዶ አይቆይም። በጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ የተጻፉት አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ 2319 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ንብረት ክፍሉ ዕቃውን ከመረከቡ በፊት ይህን ቁጥር አንብቦ በሞዴሉ ላይ ቢመዘግብ፣ ገና ሳይሽከረከር ያረጀ ጎማ ለሻጩ እዚያው መመለስ ይችላል።