ብሎክ ስንት? ዶርም ስንት?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ይፋ ሲሆን በየቤቱ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የት ደረሳት?» የሚል ነው። መልሱ «እንጅባራ» ከሆነ አንዱ ካርታ ይከፍታል፤ ሌላው «ቆሰበር ማለት እኮ ናት፣ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ ምሳ የበላንባት» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ማታ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከእናት ነው፤ «ከማን ጋር ነው የምታድረው?»

ለዚህኛው እስከ መግቢያው ቀን ድረስ መልስ አያገኙም። ቀድሞ ለማወቅ፣ ብሎም ለማስቀየር የሚደረገው ሩጫ ደግሞ በእኔ ግምት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

አሠራሩን ይወቁት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች በቀጥታ ትምህርት ክፍል አይገቡም፤ በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ ተከፍለው የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። በአብዛኞቹ መንግሥታዊ ዩኒቨርሲቲዎች የዶርም ድልድሉም ይህንኑ ይከተላል፤ መጀመሪያ ጾታ፣ ቀጥሎ የትምህርት መስክ፣ ከዚያ የስም ተራ። በአንድ ዶርም ሦስት ቤተልሔሞች የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም። ዝርዝሩ ይለጠፋል፣ ልጅቷ ስሟንና የብሎክ ቁጥሯን ታገኛለች፣ ፕሮክተሯ ዘንድ ሄዳ ለአልጋው፣ ለፍራሹና ለሎከሩ ፈርማ ቁልፍ ትቀበላለች። ፊርማውን እንደ ቀላል ነገር አይዩት። ዓመቱ ሲያልቅ ክሊራንስ የምትጠየቀው በዚያ ወረቀት ነውና የተቀደደ ፍራሽ ወይም የተሰበረ ሎከር ካለ ከመፈረሟ በፊት ታስመዝግብ፤ በስልኳ ፎቶ ብታነሳውም አይከፋም።

«ዶርም አዲስ አይሆንባትም፣ ለፈተና አድራበታለች» የሚሉ ወላጆች አሉ። እርግጥ ነው፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ ብዙ ልጆች ተደራራቢ አልጋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተኙት ያኔ ነው። ግን ያ ስልክ የተከለከለበት የጥቂት ቀናት ቆይታ ነበር። አሁን የምትሄደው ለመኖር ነው።

ወደ ሩጫው እንመለስ። ዝርዝሩ ሳይለጠፍ «እዚያ ግቢ የሚያውቅ ሰው አለህ?» የሚለው ስልክ ይጀመራል። ጥያቄውን ሲገልጡት ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ከአገሯ ልጆች ጋር ትሁንልኝ፣ ቋንቋዋን ከሚናገሩት ጋር ትደርልኝ። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። በ2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቶ ችግሩ ወደ ሌሎች ግቢዎች ሲዛመት ልጁን በስልክ እየጠራ ያደረ ወላጅ ያንን ሌሊት አይረሳውም። ይህን ወላጅ «ዝም ብለህ ተኛ» ማለት ቀላል አይደለም።

ሆኖም ሁሉም ወላጅ ልጁን ከወገኑ ጋር ቢያስመድብ ብሎኮቹ በየሰፈሩ ይከፋፈሉና ወሬ በተነሳ ቀን ማን የት እንዳለ በበር ቁጥር የሚለይ ይሆናል። ክፉ ቀን ሲመጣ ልጅዎን ከአልጋዋ ቀስቅሳ «ነዪ፣ አብረን እንውጣ» የምትላት ከሌላ አካባቢ የመጣች የዶርም ጓደኛ ብትኖራት ይሻላል። አሜሪካ ያለው ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ ገቢዎች የክፍል ተጋሪያቸውን ራሳቸው መምረጣቸው እንዲቀርና ምደባው በዕጣ መሰል መንገድ እንዲሆን ወስኗል፤ ልጆቹ ከሚመስሏቸው ጋር ብቻ እየተቧደኑ ስላስቸገሩ። የእኛ የስም ተራ ያለብዙ ጥናት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በሌላ በኩል ሄዶ፣ የከተማዋ ነዋሪዎች ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን እንደ ልጅ የሚቀበሉበትን «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» ጀምሯል። የእርስዎም ጉልበት ወደዚህ ቢውል ይሻላል። ቆሰበር ውስጥ ዘመድ ወይም የዘመድ ወዳጅ ካለዎት ዶርም እንዲያስቀይሩልዎት ሳይሆን በዓል ሲመጣ ልጅቷን ከነጓደኞቿ ቡና እንዲጠሩልዎት ይጠይቋቸው።

ዝም ማለት የሌለብዎት ጊዜ ግን አለ፤ እሱም የጤና ጉዳይ ነው። የሚያሳዝነው፣ ለምቾት ሲሉ አሥር ስልክ የሚደውሉ ወላጆች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ የላይኛው አልጋ ደርሷት፣ ቤተሰቧ ግን «ስሟ ይጠፋል» ብሎ ለማንም አልተናገረም እንበል። ሌሊት ቢነሳባት የምትወድቀው ከተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። አብረዋት የሚያድሩት ካልተነገራቸው ሊያደርጉ የሚችሉትን ያውቁታል፤ ክብሪት ጭረው ያሸቷታል፣ ማንኪያ በጥርሷ መሃል ለማስገባት ይታገላሉ። ሊያደርጉ የሚገባው ግን የሚጎዳትን ነገር ከአጠገቧ አርቀው፣ አፏ ውስጥ ምንም ሳይከቱ፣ በጎኗ አስተኝተው እስኪያልፍላት መጠበቅ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና ማድረስ። ይህን ለአንዲት ጓደኛዋና ለፕሮክተሯ መንገር የልጅቷን ክብር አይቀንስም። አስምም ቢሆን፣ ስኳርም ቢሆን፣ የመራመድ ወይም የማየት ችግርም ቢሆን የሐኪም ማስረጃውን ዋናውንና ኮፒውን ይዛ፣ ቁልፍ ከመረከቧ በፊት የተማሪዎች ዲን ቢሮ ትሂድ። የታችኛው አልጋ ወይም ምድር ቤት ያለ ክፍል ለመጠየቅ የሚያውቁት ሰው አያስፈልግዎትም፤ ወረቀቱ ይበቃል። መድኃኒቷን ቢያንስ ለጥቂት ወራት አስይዟት። ከግቢው ክሊኒክ በላይ የሆነ ነገር ከመጣ ከተማው ውስጥ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ።

አሁን ስለ ብርዱ። ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ «ባሕር ዳር አጠገብ ነው» ሲባል ቀሚስና ነጠላ ጫማ ይሸክፋል። ስህተት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእሷ ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆሰበር ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ዝናቡም ቶሎ አይለቅም። የዩኒቨርሲቲው ጥሪ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ ይላል፤ እርስዎ ጋቢ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ካልሲና ውኃ የማያስገባ ጫማ ይጨምሩበት። ለሎከሩ ጥሩ ጓጉንቸር፣ ውኃ ለሚጠፋበት ቀን ትንሽ ጀሪካን። በሶና ዳቦ ቆሎ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለዶርሙ የሚበቃ ይሁን፤ ብቻዋን ልትበላው አትችልም፣ ባትችልም ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ አይላኩ፤ ተወርሶ ይቀራል።

መንገዱም ሊታሰብበት ይገባል። ከአዲስ አበባ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በጎሐጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ በደብረ ማርቆስ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች የታገቱት በዚሁ መስመር ገርበ ጉራቻ አካባቢ ነበር። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ለመወሰን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት በሳምንቱ የተመላለሰ ሾፌር ይጠይቁ፤ በቀን የሚያስገባ መኪና ይምረጡ። አቅም ካለ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄዶ የቀረውን በመኪና መጨረስም አንድ አማራጭ ነው፤ ያም መንገድ ቢሆን ተጠይቆ ይገባበታል።

አድርሰዋት ከሆነ ፍራሹን አንጥፈውላት፣ አብረዋት የሚያድሩትን ልጆች ስም ጠይቀው ይውጡ። ሌሊቱን ሆቴል አድረው ጠዋት ተመልሰው «እንዴት አደርሽ?» ለማለት ያምርዎታል፤ ይተዉት። በየቀኑ «ምን በላሽ?» ብሎ መደወልም ከሁለት ሳምንት በኋላ «በላሁ» ከማለት ሌላ መልስ አያመጣም። «ከላይሽ የምትተኛው ልጅ ከየት ናት?» ቢሏት ወሬው ይረዝማል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ምን እንዳየች ይጠይቋት፤ አዊኛ ስንት ቃል እንደለመደችም። እግረ መንገድዎን የአንዷን ጓደኛዋን ስልክ፣ ከተቻለም የእናቷን፣ ተቀብለው ይያዙ። የእናትየዋ ከተማ አርባ ምንጭም ይሁን ነቀምቴ፣ የልጅዎ ስልክ ጥሪ አልቀበል ባለ ሌሊት መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሷ ነው።