መንግሥት የፎከረለት ወታደር

አያቴ ድግስ ላይ «ዘራፍ!» ብለው ከተነሡ የጣሉትን ጠላት አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ አይቀመጡም። ቁጥሩ በየዓመቱ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። በእንግሊዝ ጦር ግን ወታደሩ ዝም ይላል፤ የሠራውን መንግሥት በጋዜጣ አትሞ ይፎክርለታል። የጃክ ዊሊያምስን ጀብዱ ያነበብኩት እንዲህ ሆኖ ነው።

ጃክ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1886 በደቡብ ዌልስ፣ ናንቲግሎ በምትባል መንደር ነው። ስሟ በዌልስ ቋንቋ «የከሰል ጅረት» ማለት ነው፤ እሱም እንደ አገሩ ሰው እንጀራው ከከሰል ጉድጓድ ነበር። በ1914 የሳውዝ ዌልስ ቦርደረርስ እግረኛ ጦር 10ኛ ሻለቃን ተቀላቀለ። በ1916 የማሜትዝ ጫካ ውጊያ የጀግንነት ሜዳይ አገኘ፤ በ1917 ደግሞ ሁለት ጊዜ ተሸለመ።

ትልቁ ነገር የሆነው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ በጥቅምት 1918 ነው። ሰሜን ፈረንሳይ፣ ቪለር ኡትሬኦ ላይ አንድ የጀርመን መትረየስ የጃክን ሻምበል ጦር እያጨደ ነበር። መትረየስ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲተኩስ ጎኑን አያይም። ጃክ የራሱን ተኳሽ «አንተ ከዚህ ተኩስበት» አለና፣ ጠላት ወደዚያ ሲዞር እሱ በጎን ዞሮ ብቻውን ምሽጉ ላይ ወደቀ። ለእኔ ጀግንነቱ ያለው እዚህ፣ በጭንቅላቱ ላይ ነው።

15 ሰው ማረከ። ምርኮኞቹ ግን ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ከኋላው የሚከተል የለም! ተነሡበት፤ አንዱ ጠመንጃውን ጨመደደው። አስለቅቆ አምስቱን በሳንጃ ወጋ፤ የቀሩት እጃቸውን ሰጡ። የመንግሥት ፉከራ እዚህ ላይ ያበቃል። አያቴም ቢሆኑ ከዚህ አያልፉም ነበር።

ቀኝ ክንዱና እግሩ በፍንጣሪ ክፉኛ ቆስለው ስለነበር በዚያው ወር ከጦሩ ተሰናበተ። በ1919 ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ፣ ለዚህ ጀብዱ ያገኘውን ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስን ጨምሮ አራቱንም ሽልማት በአንድ ቀን ሰጡት። አንድን ሰው በአንድ ቀን አራት ጊዜ ሲሸልሙ ለንጉሡም የመጀመሪያቸው ነበር። ሥነ ሥርዓቱ ላይ እንዳለ የክንዱ ቁስል ተከፈተ፤ ሐኪም ሳያክመው ከቤተ መንግሥቱ መውጣት አልቻለም።