ዲመር ለአምፖል ነው፤ ፋኑን ተዉት!

አሁን ከጉደር መመለሴ ነው፤ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

ሥራው አንድ ፔንሲዮን ውስጥ ነበር። ባለቤቷ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «አዴ» ነው የምላቸው። «ልጄ፣ የሻወር ቤቱን መብራት ዝቅ ሳደርገው ፋኑ ያለቅሳል» አሉኝ። ገብቼ ሰማሁት፤ እውነትም ያለቅሳል። ብሬከሩን አጥፍቼ ኤግዞስት ፋኑን ከግድግዳው አወረድኩት። የሞተሩ ፕላስቲክ ቡና መስሏል፣ ጥቅልሉ የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። አምፖሉና ፋኑ በአንድ ዲመር ታስረዋል። አሥራ አንድ ክፍል፣ አሥራ አንዱም እንደዚያው!

የዘረጋው ልጅ ጋ ደወልኩ። «ቪዲዮ ላይ ነው ያየሁት ጋሼ፤ የፋኑንም ፍጥነት ይቀንሳል ይላል» አለኝ።

እሺ፣ በቁጥር ላስረዳ።

1. ዲመር እንደ ቧንቧ ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ዕቃ አይደለም። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ተራው ዲመር ሞገዱን በሴኮንድ 100 ጊዜ እየቆረጠ ነው የሚያሳልፈው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ክሩ ሳይቀዘቅዝ ስለሚደርስለት አይሰማውም። ሞተር ግን ይሰማዋል።

2. የእንዲህ ዓይነት ትንሽ ፋን ፍጥነት በዋናነት በኸርዙ የተወሰነ ነው። ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ የማዞር ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ክንፉ ላይ አቧራ ከተጋገረበት ጭራሽ መነሳት ያቅተዋል፤ ኤሌክትሪኩ ግን መግባቱን አላቆመም። ቆሞ ይግላል። ለቅሶው ይኼ ነው።

3. ባለ ታይመሩ ፋን ደግሞ ይብሳል፤ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ አለው፣ ያልተቆራረጠ ፌዝ ይፈልጋል። ኤሌክትሮኒክስ ካልን ኤልኢዲ አምፖልም በዲመር እንደሚሠራ ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈበት ብልጭ ድርግም ሲል ይኖራል። ቢያንስ 40 ዋት የሚፈልግ ዲመር ላይ ባለ 9 ዋት አምፖል ሰክቶ «ዲመሩ ፎርጅድ ነው» ማለት ምንድን ነው? ሻጩም አብሮ ይምላል!

ልጁን ብቻ መስደብ ግን አልችልም። ኢቢሲኤስ 10 የሚባል የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ በ1995 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እኔ እጅ ያለው ኮፒ በእንግሊዝኛ ነው። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ኮርኒስ ውስጥ እየተሳበ ሽቦ የሚጎትት ልጅ ይህን መቼ ያነባል? ቪዲዮው ግን በሚገባው ቋንቋ፣ በሁለት ደቂቃ፣ ከነዘፈኑ ይመጣለታል። ቆጣሪ የሚያስገባው ቆጣሪውን አይቶ ይሄዳል። ፈቃድ የሚሰጠው ፕላኑ ላይ ማኅተም ይመታል። ኮርኒስ ውስጥ ማን ገባ? ማንም! እኛ ነን የምንገባው፣ ያውም ሽታ ከመጣ በኋላ።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። ፌዙ ወደ ሁለት ማብሪያ ይከፈላል፤ አንዱ ዲመር ሆኖ ለአምፖሉ፣ ሌላው ተራ ማብሪያ ሆኖ ለፋኑ። ኒውትራል ለሁለቱም በቀጥታ። (ማጥፊያ ፌዙን እንጂ ኒውትራሉን እንደማይቆርጥ ያላወቀ ሰው ካቻቢቴውን ያስቀምጥ።) ባለ ታይመር ከሆነ፣ ማብሪያውን ሳይነካ የሚሄድ አንድ ፌዝ ይጨመርለታል። ማብሪያዎቹ ከበሩ ውጭ ይሁኑ፤ የእኛ ሻወር መጋረጃ የለው፣ ውሃው ሁሉ ቦታ ይደርሳል። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲም ግዙ፣ ውድ ነው አትበሉኝ። የሽቦ መቀጠያን በናስትሮ ጠቅልሎ ኮርኒስ ላይ መወርወርም... እሱን ሌላ ቀን።

አራት ክፍል ጨርሻለሁ፣ ሰባት ይቀረኛል። አዴ አምቦ ውሃ ከፍተውልኝ «ታዲያ ያን ሁሉ ዲመር የገዛሁት ለምን ነበር?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

«የእኔ እንደዚያ ታስሮ ሁለት ዓመት ሠርቷል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብሬከሩን አጥፉና የፋኑን ሽፋን ክፈቱ፤ የሞተሩን ቀለም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።