ተጨማሪ መረጃ፦ የባሕር ዳር ስታዲየምና ባለሜዳው

ከጋይንት ተነስቶ ትልቅ ጨዋታ ማየት የሚሻ ሰው በደብረ ታቦርና በወረታ አልፎ ባሕር ዳር ይገባል። የባሕር ዳር ስታዲየም የእግር ኳስ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ሣሩን የመሮጫ መም ስለሚከበው አትሌቲክስም ይካሄድበታል። መሙ ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ ከጎሉ ጀርባ የተቀመጠ ተመልካች ከሜዳው ይርቃል።

ባለሜዳው «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው የባሕር ዳር ከተማ እግር ኳስ ክለብ ነው። ብሔራዊ ቡድኑም ደጋግሞ ተጫውቶበታል። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሌሶቶን 2 ለ 1፣ ኅዳር 2012 ኮትዲቯርን እንዲሁ 2 ለ 1፣ መጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረትቷል። ከሦስቱ የሚበልጠው፣ በእኛ ግምት፣ የኮትዲቯሩ ነው፤ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ያስቆጠሩበት ድል የተገኘው በአህጉሩ ኃያል ቡድን ላይ ነውና።

ይሁን እንጂ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዲህ ያለ ታሪክ ብቻውን አይበቃም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መልበሻ ክፍሉን፣ መብራቱን፣ የሣሩን ጥራትና የተመልካች መቀመጫውን ሳይቀር ይመረምራል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ስታዲየሙ መስፈርቱን አላሟላም ተብሎ ታገደ፤ ኢትዮጵያም ጋናን «በሜዳዋ» ያስተናገደችው ጆሃንስበርግ ላይ ሆነ። ባሕር ዳር ከተማም በ2015 ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲገባ፣ የታንዛኒያውን አዛምን የተቀበለው አዲስ አበባ ነበር።