ጥየቃው ተፈርዷል፣ ልጁ ግን አይታይም

በአዲስ አበባ በጀሞ ወይም በሃና ማርያም የሚኖር አባት (እናትም ልትሆን ትችላለች) ልጁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እንዲጠይቅ ተፈርዶለታል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ስልኩ አይነሣም፣ ወይም «አሞታል»፣ «አያቱ ጋ ሄዷል» ይባላል። የተፈረደው ገንዘብ ቢሆን ኖሮ የባለዕዳው ንብረት ታግዶ በሐራጅ ይሸጥ ነበር። የልጅ ጥየቃን ግን በሐራጅ ማስፈጸም አይቻልም፤ ፍርዱ እንዴት ይፈጸም የሚለው ጥያቄ ለዓመታት የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ በቤተሰብ ሽማግሌዎች እጅ ነበር። ከባድ ምክንያት ከሌለ ልጁ እስከ 5 ዓመቱ ለእናቱ ይሰጥ ነበር። ለአዲስ አበባ የሚያገለግለው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ቀይሮ፣ በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን አሳዳጊነትን፣ ቀለብንና ጥየቃን አብሮ እንዲወስን አደረገ። ሁኔታዎች ሲለወጡም ውሳኔው እንደገና ይታያል። ጥየቃው የልጁም መብት ነው፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት ሰጥቶታል።

«ቀለብ ካልቆረጠ አያየውም»፣ «ካላሳየችኝ አልቆርጥም» የሚለው ንግድ ከሁሉ ይከፋል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለቱም የሚጎዱት ልጁን ነው። ቀለብ የተቋረጠባት እናት በአፈጻጸም ትጠይቅ። ልጁን የተከለከለ አባትም ቀለቡን እየከፈለ፣ የተከለከለባቸውን ቀናት፣ መልእክቶቹንና ምስክሮቹን ይዞ የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍት። ፍርድ ቤቱ ከልካዩን ጠርቶ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ በቂ ምክንያት ከሌለውም ትእዛዙን እንዲፈጽም ያስገድደዋል። ልጁን ከትምህርት ቤት በር ነጥቆ መውሰድ ግን የራስን መብት ያበላሻል፣ ልጁንም ያስደነግጣል።

ከልካዩ እውነተኛ ሥጋት ሊኖረው ይችላል፤ ድብደባ፣ ስካር፣ ልጁን ይዞ የመጥፋት ፍርሃት። ሥጋት ያለበት ሰው በሩን በራሱ ሥልጣን ከመዝጋት ይልቅ ጥየቃው በዘመድ ፊት እንዲሆን ችሎቱን ቢጠይቅ ይሻላል። ዳኛው የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነው። ለምሳሌ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ልጅ ላሳደገች አክስት የፈረደው የወላጅ አባትነት ብቻውን ስላልበቃ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፍርዱ ራሱ ሲጻፍ ግልጽ መሆን አለበት። «በሚመች ጊዜ ይጠይቅ» የሚል ውሳኔን ማን፣ መቼ እንደጣሰው ማሳየት ይከብዳል። ልጁ ወደ አያት ሰፈር ቢዛወር ከጀሞ ሲኬድ ግማሹ ቀን በታክሲ ያልቃል። ስለዚህ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የርክክቡ ቦታና የበዓላት አከፋፈል ገና በፍቺው ስምምነት ላይ በግልጽ ይጻፍ።