አካል ጉዳተኞችና ሥራ፦ ተረቱና ሕጉ

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለ አዋጁ የሚወራው ግን እስካሁን ከይዘቱ የራቀ ነው።

ተረት፦ ሕጉ ለአካል ጉዳተኞች ለብቻቸው የሥራ ቦታ ይከልላል።

እውነታ፦ ይህ የቀድሞው የ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 101 አካሄድ ነበር። ሥራ ለብቻቸው መከለሉ አካል ጉዳተኞችን በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ አስመሰላቸው። የ2000ው አዋጅ ያን ትቶ እኩል ውድድርን መሠረት አደረገ።

ተረት፦ ብቃት የሌለውን ሰው በግድ ያስቀጥራል።

እውነታ፦ ለሥራው የሚፈለገውን ችሎታ ማሟላት የግድ ነው። አካል ጉዳተኛው ቅድሚያ የሚያገኘው ብቃቱን አሟልቶ ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ሲያመጣ ነው።

ተረት፦ አካል ጉዳተኛ መቅጠር ወጪው አይቻልም።

እውነታ፦ ማየት የተሳነው የሒሳብ ሠራተኛ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ በስክሪኑ ላይ ያለውን ያነብለታል፤ እሱ እየሰማ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ እንዲያነብለት የሚያደርገው ኤንቪዲኤ የተባለ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ዊልቸር ለሚጠቀም ባልደረባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጠረጴዛውን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ነው። አዋጁ እንዲህ ያለውን ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል፤ ሆኖም ከአቅም በላይ የሆነ ጫና አይጭንበትም። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በበኩሉ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል።

ተረት፦ ከተቀጠሩ በኋላ የሕጉ ጥበቃ ያበቃል።

እውነታ፦ ሥልጠናና የደረጃ ዕድገትም ከአድልዎ የተጠበቁ ናቸው። ሥራ ማግኘት ግማሽ መንገድ ነው፤ በሥራው ላይ መቆየትና ማደግ ሌላው ግማሽ።

ተረት፦ በደል የደረሰበት ሰው በእጁ ማስረጃ ከሌለው ክስ አያዋጣውም።

እውነታ፦ አዋጁ የማስረዳቱን ሸክም ወደ አሠሪው ያዞራል። አድልዎ አለመፈጸሙን ማሳየት ያለበት ተከሳሹ ነው። መዝገቡም፣ የፈተናው ውጤትም፣ የቃለ መጠይቁ ነጥብም ያለው በአሠሪው እጅ ስለሆነ ይህ ፍትሐዊ ነው።

አዋጁ ምጽዋት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መሰናክሉ እንዲነሳ ነው። ስለዚህ ቀጣሪዎች የክፍት ሥራ ማስታወቂያችሁን ዛሬውኑ መልሳችሁ አንብቡ፤ «ሙሉ ጤነኛ የሆነ» የሚል ሥራው የማይፈልገው መስፈርት ካለበት ሰርዙት።