አዲስ ኮምፒውተር ስለ ምን ይቆማል?

በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የስሕተት ገጽ ደጋግሞ ሲመጣ የሚያሳድረውን ብስጭት እኔም አውቀዋለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ሁለት ቀን የቀረው ተማሪ ደግሞ ይበልጥ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ ሥራውን የሚያቆመው ሆን ብሎ ነው። የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ሊያርመው የማይችል ስሕተት ሲገጥመው፣ የተበላሸ መረጃ በዲስክ ላይ ከመጻፍ መቆምን ይመርጣል። ብዙ ድራይቨሮች በዚሁ እምብርት ውስጥ ስለሚሠሩ የአንዱ ጥፋት ሁሉን ይጥላል፤ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የክራውድስትራይክ የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን ያቆመው በዚህ መንገድ ነበር። አዲስነትም መተማመኛ አይሆንም፤ ከፋብሪካ ጉድለት ይዞ የወጣ ራም ገና ከጅምሩ ያስቸግራል። ስለዚህ የስሕተቱን ኮድ መዝግቡ፤ ድራይቨሮችን አድሱ፤ ራሙን ፈትሹ፤ ችግሩ ከቀጠለ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ መልሱት። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን የጽሑፋችሁን ቅጂ በሌላ ቦታ አኑሩ።